«ይህን ቤት አትግዙ» ያለችው ደላላ

በአገራችን «ደላላ» ሲባል የብዙ ሰው ፊት ይኮሳተራል። በዋሽንግተን ዲሲ በአንዲት ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስትም በ2025 ቤት ለመግዛት ሲነሡ ይኸው ጥርጣሬ አልለቀቃቸውም ነበር። ባል ታክሲ ይነዳል፤ ሚስት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የሚስት እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ።

ሰው የጠቆማቸው ኢትዮጵያዊት ወኪል ገና ቤት ሳታሳያቸው የሚፈረም ወረቀት ስታቀርብ ባል ኮስተር አለ።

«ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ የሙያ ማኅበራችን ደንብ ይህ ነው» አለችው። «ክፍያዬ ስንት እንደሆነ፣ ውሉ እስከ መቼ እንደሚቆይ ተጽፏል። ክፍያው ግን በሕግ የተቆረጠ አይደለም፤ መከራከር ትችላለህ፣ ወንድሜ።» ተከራከረ። ስድስት ወር የነበረው ውል ወደ ሦስት ወር አጠረ።

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር መጣ። ለቅድሚያ ክፍያ ያሰቡት ከዕቁብ የወጣላቸውን ነው፤ በጥሬው ቤት ተቀምጧል። አበዳሪዎች ብዙውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ እንደሚያዩ፣ በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ሲያገኙም «ከየት መጣ?» ብለው እንደሚጠይቁ ነገረቻቸው። ዛሬውኑ ባንክ እንዲያስገቡት፣ ከዕቁቡ ሰብሳቢ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲይዙና አበዳሪው ይቀበለው እንደሆነ አስቀድመው እንዲጠይቁ መከረቻቸው።

«ሰፈሩ ውስጥ ሐበሻ አለ?» ስትል ሚስት ጠየቀች። ወኪሏ ግን የ1968ቱ ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ ደንበኛን በዘርና በትውልድ አገር እየለዩ ወደ አንድ ሰፈር መምራት ስለሚከለክል ልትመልስላት እንደማትችል ገለጸች። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ በእግራችሁ ዙሩበት፤ አንድ ቀን ደግሞ ማታ ሂዱ» አለቻት።

በመጨረሻ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልባቸው የወደደው ቤት ተገኘ። ወጥ ቤቱ አዲስ ነው። ባል ሌላ ገዢ ሳይቀድማቸው ሳያስመረምሩ ለመግዛት ቸኮለ። እሷ ግን ቤዝመንቱ ውስጥ አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም መቀባቱን አይታ ነበርና ምርመራው በውሉ ውስጥ እንዲገባ አጥብቃ ነገረችው። መርማሪው መጥቶ ሲያይ ከመሠረቱ ሥር ውሃ ይገባል።

«ይህን ቤት አትግዙ» አለቻቸው። ባል ተቆጣ፤ ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳም። ሚስት ግን ቢገዙት ኖሮ ኮሚሽኗን በወሩ ትቀበል እንደነበር አስታወሰችው። በውሉ በተፈቀደው ቀን ውስጥ ስለወጡ ቀብዱ ተመለሰላቸው። የዕቁቡ ገንዘብ ተረፈ።

ሁለተኛውን ቤት ስታሳይ እናትየው ካልመጡ አይሆንም አለች። «እማማ፣ እስቲ ደረጃውን ይውጡት።» እናትየው አራቱን ደረጃ ቀስ ብለው ወጡ። «ይሄን እንኳ እችለዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። ቤቱ ተገዛ።

ከፊርማው በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻቸው፤ ገንዘብ ላኩ የሚል ኢሜይል ቢደርሳቸው፣ በኢሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን አስቀድመው በሚያውቁት ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ እንዳይልኩ። ለአከራዩ የሚሰጠውን ማስታወቂያ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የፖስታ አድራሻ ለውጡን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው።

ዕቃው በተጫነ ዕለት እናትየው በር ላይ ቆመው አለቀሱ። አሥራ አንድ ዓመት በምልክት ሲግባቧቸው ከኖሩት ከኤልሳልቫዶራዊቷ ጎረቤታቸው መለየት ከብዷቸዋል። ወኪሏ አላጣደፈቻቸውም። ተሰነባብተው ሲጨርሱ በራሷ መኪና ወደ አዲሱ ቤት ወሰደቻቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡና ተፈላ፤ እሷም ተጠራች። እናትየው ሁለተኛውን ስኒ ሲያቀብሏት፣ «እኔስ ደላላ ናት ሲሉኝ ፈርቼ ነበር፤ አንቺ እንኳ ደላላ አይደለሽም» አሏት።

ሳቀች። «ነኝ እንጂ፣ እማማ» አለች።