ፉርጎ ለመሥራት ዕቃ ፍለጋ፦ ከድሬዳዋ እስከ ጎፒንገን

በዚህ ገጽ ስለ ቤት ዕቃና ስለ ጤና ስናወጋ ከርመን ዛሬ «ስለ ትንንሽ ባቡር ላውራችሁ» ብል «ሰውዬው ምን ነካው?» እንደምትሉ አላጣሁትም። ግን ትንሽ ታገሱኝ። ሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን ባቡር በሚሊ ሜትር እየለኩ አሳንሶ መሥራት ነው። አውሮፓ ውስጥ ምድር ቤቱን ለዚህ ሥራ የሰጠ አዛውንት ብዙ ነው። እኛም አገር፣ በተለይ ቤተሰቦቻቸው የባቡር እንጀራ በልተው ያደጉ ወጣቶች፣ «ዕቃው ከወዴት ይገኛል?» እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ ውስጥ የከተተኝ አንድ የድሬዳዋ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሼመንደፈር የጨረሱ ሰው ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ባቡር ሲባል የሚያውቁት አዲሱን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። «ልጄ፣ እንጀራ የበላሁበትን ፉርጎ በእጄ ይዤ ላሳያቸው። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አድርስልኝ» አሉኝ። ሐኪም ግላኮማ ብሏቸዋል። እንዲህ ያለ አደራ ደግሞ «ለከርሞ» አይባልም።

መጀመሪያ ሂሳቡ

የሞዴል ባቡር ገበያ የሚመራው በመጠን ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን ጀርመኖች «ሃ ኑል» ይሉታል። እውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። 1 ሜትር ከ74 የሚረዝም ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 15 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ ቢኖር 17 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆንና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ የሚያንስ ኤን የሚባልም አለ። እሱ በአውሮፓ 160 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ለጀማሪ ዓይንም ለጀማሪ ጣትም ይከብዳል።

ጣጣው ያለው ሀዲዱ ላይ ነው። የአውሮፓ ዋና ዋና መስመሮች በብዛት በሁለቱ ብረቶች መካከል 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ይህ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ተራው የሃ ኑል ሀዲድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም 1435 ስለሆነ፣ እሱን መሥራት ለሚፈልግ ሀዲዱም ጎማውም በየሱቁ ሞልቶለታል። (ጎማ ስላችሁ ላስቲክ እንዳይመስላችሁ፤ የብረቱን ተሽከርካሪ ማለቴ ነው።)

የድሮው የእኛ ሼመንደፈር ግን 1000 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 አካፍሉት፤ 11.5 ገደማ ይመጣል። ለዚህ ገበያው ያዘጋጀው 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ነው። ስሙም «ሃ ኑል ኤም» ይባላል፤ ኤሟ ሜትር ለማለት ነች። የግማሽ ሚሊ ሜትሯን ልዩነት ዓይን አይለያትም። እንግዲህ ሳጥኑ ላይ «ሃ ኑል» ብቻ ተጽፎ ካያችሁ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ጎማው ለአያቶቻችን ባቡር አይሆንም። ገንዘብ ሜዳ ላይ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው።

ድሬዳዋ፦ ሜትር ይዞ መሄድ

ዕቃ ከመግዛት በፊት መለኪያ ያስፈልጋል፣ መለኪያው ደግሞ ያለው ድሬዳዋ ነው። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሀዲዱ ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ፣ ድሬዳዋም ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከተማዋ የባቡር ልጅ መሆኗን ለማወቅ ከዚራን በእግር መዞር ይበቃል፤ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፣ ዛፉ ጥላ ነው፣ ሁሉም ነገር ወደ ጣቢያው ያመራል።

አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው መሩኝ። ፈቃድ ጠየቅን። ዘበኛው እሳቸውን ሲያይ ቆቡን አውልቆ በሩን ከፈተልን። ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆሙ ፉርጎዎች አሉ። ቀለማቸው ተልጧል፣ በሀዲዱ መካከል ሳር በቅሏል። አዛውንቱ አንዱን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «ይኸ ሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ ዶሮውም ፍየሉም ሰውም እኩል የሚሄድበት» ብለው ሳቁ።

እኔ መለካት ያዝኩ። የሚለካው ይኸ ነው፦ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከሀዲድ እስከ ጣሪያ ያለው ቁመት፣ የበሩና የመስኮቱ ስፋት፣ የመወጣጫው ርቀት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦጊው። ቦጊ ማለት ፉርጎው ጫፍና ጫፍ ሥር ያለው፣ ጎማዎቹን አቅፎ የሚዞረው እግሩ ነው። ከአንዱ ቦጊ መካከል እስከ ሌላው መካከል፣ እንዲሁም በራሱ በቦጊው ላይ ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ርቀት ሳትለኩ አትመለሱ። ፎቶ ስታነሱ ደግሞ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ዱላ ፉርጎው ላይ አስደግፉ። ከፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ያልለካችሁትን ነገር ኋላ ቤት ቁጭ ብላችሁ ከፎቶው ላይ ታወጡታላችሁ።

እዚያ ቆሜ የገባኝ ነገር ቢኖር ይኸ ነው፤ ዕቃው ዛሬም ነገም ይሸጣል፣ መለኪያው ግን ዝገት እየበላው ነው። በቃል የሚያውቁትም ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው።

ጎፒንገን፦ የትንንሽ ባቡር አገር

ለእኛ ፉርጎ የሚሆነው የ12 ሚሊ ሜትር ጎማ አዲስ አበባ አይሸጥም። ሽቱትጋርት ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ማስታወሻዬን በሻንጣዬ ከተትኩ። ከሽቱትጋርት ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ፊልስ የምትባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ጎፒንገን የምትባል ከተማ አለች። በባቡር ነው የሄድኩት፤ በዚህ ጉዳይ በአውቶቡስ መሄድ ነውር መሰለኝ። ከኤስሊንገንና ከፕሎሂንገን በኋላ ሸለቆው ይጠባል። ከዚያ ሆሄንሽታውፈን የተባለው ሾጣጣ ተራራ ብቅ ይላል።

የጎፒንገን ስም የታወቀው በማርክሊን ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1859 ሲቋቋም ይሠራ የነበረው ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የማድቤት ዕቃ ነበር። በ1891 በላይፕዚግ ገበያ በሞላ የሚሄድ ባቡር ከነሀዲዱ አቀረበ፣ የሀዲዱንም ስፋት በመደብ በመደብ ወሰነ። ዛሬ በየአገሩ «መጠኑ ስንት ነው?» የምንባባልበት ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። ሙዚየሙን ሳያዩ መመለስ ደግ አይደለም።

ግን ልብ በሉ! የማርክሊን ሃ ኑል በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ሦስተኛ የመብራት መስመር አለው። ስለዚህ የግራና የቀኝ ጎማው በብረት ዘንግ ቢገናኝ ችግር የለውም። የሌሎቹ ኩባንያዎች በብዛት ባለ ሁለት ሀዲድ ናቸው፤ አንዱ ብረት ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ። እዚያ ላይ የማርክሊን ጎማ ስታስቀምጡ ሾርት ያደርጋል። አሮጌ ጎማ ስትገዙ ቴስተር ይዛችሁ ሁለቱን ጎማዎች ንኩ። ከጮኸ ተዉት።

የኛን 12 ሚሊ ሜትር የሚሠራው ደግሞ ጎረቤት ነው። ጎፒንገን ከመድረሱ በፊት ባቡሩ ኡሂንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ያልፋል። ቤሞ የተባለው ድርጅት እዚያ ነው። የሚታወቀው ሬቲያ የተባለውን የስዊስ ተራራ ባቡር በመሥራት ነው። ያ ባቡር እንደኛው 1000 ሚሊ ሜትር ነው! ስለዚህ ጎማውም፣ ቦጊውም፣ መያያዣውም ለሼመንደፈር ይሆናል። የቦጊው መልክ አንድ ላይሆን ይችላል። እናንተ ግን ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ርቀት ተመልከቱ፤ እውነተኛው 1 ሜትር ከ80 ከሆነ 20.7 ሚሊ ሜትር ትፈልጋላችሁ። ለዚያ የሚጠጋውን አንሱና ጎኑን በስስ ፕላስቲክ አልብሱት።

ሱቅ ስትገቡ አራት ቃል ይበቃችኋል፦ መለዋወጫ «ኤርዛትስታይለ»፣ ጎማ ከነዘንጉ «ራድዛትስ»፣ ቦጊ «ድሬጌሽቴል»፣ መያያዣ «ኩፕሉንግ»። ሙሉ ፉርጎ ገዝቶ ማፍረስ ኪስ ያራቁታል፤ መለዋወጫውን ብቻ ጠይቁ።

የእሑድ ገበያ

ከሱቅ የሚሻለው ግን «ቦርዘ» የሚሉት ነው። በየከተማው አዳራሽ፣ ብዙ ጊዜ እሑድ እሑድ፣ የሞዴል ባቡር ገበያ ይቆማል። የእኛን ምናለሽ ተራ አስቡት፤ ጫጫታውን ቀንሱና ቡና በኬክ ጨምሩበት። ጠረጴዛው ሥር «ባስትለርኪስተ» የሚሉት ሳጥን አለ። እጁ ለማያርፍ ሰው የተሰበረውም የጎደለውም የሚጣልበት ነው። ሀብቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ነጭ ፀጉር ሽማግሌ ሳጥን ሥር ተንበርክኬ ሁለት ቦጊ አወጣሁ።

«ስንት ይላሉ?»

«20 ዩሮ።»

«አንዱ እኮ ጎማ ጎድሎታል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ምን ሊሠሩበት ነው?»

የድሬዳዋውን ፎቶ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ጎረቤታቸውንም ጠሩ፣ እሱም ሌላውን ጠራ። «የሜትር ሀዲድ፣ አፍሪካ ውስጥ!» እያሉ ፎቶዬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በመጨረሻ በ12 ዩሮ ሰጡኝ። የጎደለውን ጎማና ሁለት መያያዣ ደግሞ መረቁልኝ። «ሲያልቅ ፎቶ ይላኩልኝ» ብለው አድራሻቸውን ጻፉልኝ። ሰው በማያውቀው አገር ባቡር እንዲህ ልቡ ሲነካ ማየት ደስ ይላል።

ስትመለሱ ኮላና ቀለም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

ቀሪው ከደጃችን

አካሉን ለመሥራት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። እርግጥ እንግሊዝ አገር ስሌተርስ፣ አሜሪካ ደግሞ ኤቨርግሪን የሚሸጡት ስስ ፕላስቲክ አለ፤ የጣውላ መስመር የተሰመረበትም ይገኛል። እኔ ግን መርካቶ ወረድኩ።

አገልግሎቱ ያለቀ የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለወለልና ለግድግዳ ሸጋ ነው። በሱፐር ግሉ ይያዛል። አሴቶን ግን አታስጠጉት፣ ይበላዋል። ለመስኮት መስታወት አሮጌ የራጅ ፊልም በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ጥቁሩ ይለቅና እንደ ብርጭቆ ይጠራል። በረኪናው ዓይንና ሳንባ ስለሚጎዳ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ለእጀታና ለመደገፊያ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ ምናለሽ ተራ ሞልቷል። ለጣሪያ የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ ይቆረጣል። ለትንንሽ ቪቴና ለስስ ካቻቢቴ ሰዓት ሠሪዎችን ጠይቁ።

ሌላም አለ፦ ክብደት። ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ከሀዲድ ይወጣል። በ17 ሳንቲ ሜትር ፉርጎ 120 ግራም ያህል መሙላት ጥሩ ነው። እኔ ከወለሉ ሥር የድሮ ሳንቲሞች ደረደርኩ።

በሦስተኛው ወር አልቆ ድሬዳዋ ወሰድኩት። አዛውንቱ ዓይናቸውን አላመኑትም፣ በጣታቸው መስኮቶቹን ቆጠሩ። ከዚያ ትንሹን ልጅ ጠርተው ጣቱን በሩ ላይ አሳርፈው፣ «እኔ የምቆመው እዚህ ጋ ነበር» አሉት። ልጁ አጎንብሶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ።

እንግዲህ ለጀማሪ ምክሬን ላሳጥረው። አንደኛ፣ መጀመሪያ ለኩ፣ ኋላ ግዙ። ሁለተኛ፣ በእጃችሁ የማትሠሩትን ብቻ ግዙ፤ እሱም ጎማ፣ ቦጊና መያያዣ ነው። ሦስተኛ፣ ከታች ጀምሩ። ጎማው ሀዲድ ላይ በቀጥታ ሳይንከባለል ግድግዳ አታቁሙ፤ ዘንጉ ከተጣበቀ በጣም ስስ ሊማ ይዛችሁ ኩሽኔታውን አጽዱ። አራተኛ፣ የለካችሁትን ቁጥር በሦስት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ለሌላ ሰው ስጡ፤ ያንተ ወረቀት ቢጠፋ የሱ ይተርፋል።

የባቡር ሠራተኛ አባት ወይም አያት ያላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ግዙና ሂዱ። ጎፒንገን ለከርሞም አለች። የአባባ ትዝታና የዛገው ፉርጎ ግን እስከ ከርሞ አይጠብቁም።