አፍንጫው ከመቼ ወዲህ ነው?

ና እስኪ ጠጋ በል ወዳጄ። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣነው፤ ቶናው ግን ያለ ጨዋታ አይወርድም። ቆሎውንም ዝገን፣ የእስቴ ገብስ ነው፤ ጥርስ ካለህ። ዛሬ ስለ ምን እናውራ? ስለ አፍንጫ። አትሳቅ! «እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ስለ መሬት፣ ስለ በሬና ስለ ዝናብ እንጂ ስለ አፍንጫ መቼ አውርተን እናውቃለን?» ትለኝ ይሆናል። ውሸትህን ነው። ልጅ ልትታጭ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ነበር? ዘሯ። ቀጥሎስ? መልኳ። መልኳ ሲባል ደግሞ ከዓይኗ ቀጥሎ ማን ይነሳል? አፍንጫዋ! «ሰልካካ ናት» ከተባለ ነገሩ አለቀ። «ትንሽ ጎራዳ ናት» ከተባለ ግን ወዲያው «ሙያዋ ግን…» ይከተላል። ያቺ «ግን» ስንቷን ልጅ እንዳስለቀሰች እግዜር ይቁጠረው። ቁንጅና ታጥቦ አይጠጣም እያልን ተርተን፣ ሽማግሌ ስንልክ የምናየው ግን እሱኑ ነው።

አያቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ገና አራስ ቤት ሳለን ነበር ሥራ የሚጀምሩት። ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው የሕፃኑን አፍንጫ ከላይ ወደ ታች ማሸት፣ ግራና ቀኙን ቆንጠጥ ቆንጠጥ ማድረግ። አሁንም የሚያደርጉ አሉ። ሠራ ወይ? አልሠራም። የሕፃን አፍንጫ ባብዛኛው ልም አጥንት ነው፤ ቢጫኑት ይታጠፋል፣ ቢለቁት ይመለሳል፤ ከዚያ እናትና አባት ባወረሱት ልክ ያድጋል። ይልቅስ አራስ ልጅ ባብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ፣ ቀዳዳው ውስጥ የገባው ቅቤ ትንፋሹን ነው የሚያስጨንቀው።  

ወደ ዛሬው ልምጣ። እስቴ መካነ ኢየሱስ ተወልዳ ዛሬ ቤይሩት የምትሠራ የእህት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ደወለችና «ጋሼ፣ አፍንጫዬን ላስቀንስ ነው» አለችኝ። ቤይሩት አፍንጫ ማሠራት እኛ ዘንድ ፀጉር ከመሠራት ብዙም አይከብድም አሉ፤ ወይዘሮዎቹ ፋሻ ለጥፈው ገበያ ይወጣሉ። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እግዜር የሰጠሽን…» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ። «እርስዎ መላጣዎን በቆብ ይሸፍናሉ፤ እኔ አፍንጫዬን በምን ልሸፍነው?» ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ራስን ማሳመር ኃጢአት ከሆነ ኩሉም ሹሩባውም ንቅሳቱም አብሮ ይኮነን። ስለዚህ ተግሣጹን ትቼ ወደ ጥያቄ ገባሁ።

«ለመሆኑ ትልቅነቱን ምን ላይ ነው ያየሽው?» አልኳት። «ስልኬ ላይ፣ ራሴን ሳነሳ።» እዚህ ላይ ያዝኳት! የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 አስልተውታል፦ ስልኩን ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዘው የተነሱት ፎቶ፣ ሰው ከ1.5 ሜትር ርቆ ካነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ለካሜራው የሚቀርበው አፍንጫ ነዋ! ስንቱ ወጣት በዚህ ተታልሎ ሐኪም ቤት ደጅ ይጠና ይሆን? «ስልኩን ለጓደኛሽ ስጪና ራቅ ብላ ታንሳሽ፤ ከዚያ እንነጋገር» አልኳት።

ግን እንበልና ርቀውም ሲያነሱት ያው ነው። ምን መንገድ አለ? በቅባት፣ በእሽታ፣ በልብስ መቆንጠጫ የሚቀንስ አፍንጫ የለም፤ ይህን የሚሸጥልህ ሰው ገንዘብህን ነው የሚቀንሰው። የሚቀንሰው ቢላ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የትናንት ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ እዚህ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ካሠሩ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1887 (የፈረንጁ ነው)፣ ጆን ኦርላንዶ ሮ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከውጭ ጠባሳ ሳይታይ በቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አፍንጫ አስተካከለ። በ1898 ደግሞ በርሊን ላይ ዣክ ዮሴፍ ትልቅ አፍንጫው ያሳፈረውን ሰው ቀዶ አሳነሰለት። የሚገርምህ፣ ይኸው ዮሴፍ ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ ልጅ ጆሮ ስላስተካከለ ከሥራው ተባርሮ ነበር። ለመልክ ብሎ መቅደድ ያን ጊዜ ነውር ነበራ።

ዛሬ እንዴት ያደርጉታል መሰለህ? በማደንዘዣ ያስተኙሃል። ጉብታ ካለው አጥንቱን ይሞርዱታል፣ ጫፉ ከወፈረ ልም አጥንቱን ይቀንሱታል፣ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ከክንፉ ሥር ትንሽ ሥጋ ቆርጠው በክር ያያይዙታል። ሳምንት ያህል ጄሶ ትለብሳለህ፤ ዓይንህ ሥር ይጠቁራል፤ እብጠቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። እውነተኛው ቅርጽ የሚታየው ግን ዓመት ሲሞላ ነው፤ የአፍንጫው ቆዳ ወፍራም ለሆነ ሰው ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 15 የሚሆነው ተመልሶ ይቀደዳል ይባላል። ከመጠን በላይ የተቀነሰ አፍንጫ አየር ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼኔ ነው። አፍንጫ አድጎ ሳይጨርስ፣ ማለትም ሴት ልጅ 15፣ ወንድ ልጅ 17 ዓመት ገደማ ሳይሆናቸው፣ ደህና ሐኪም አይነካቸውም።

«ያለ ቢላስ?» አለችኝ። መርፌ አለ፤ ፊለር ይሉታል። ግን ልብ በል፣ ፊለር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መንገድ ላይ ያለ ጉብታ ሳይቆረጥ ግራ ቀኙን ጉድጓድ በአፈር ሞልቶ ሜዳ ማስመሰል ነው። ደፍጣጣውን ከፍ ያደርጋል፣ ጉብታውን ይደብቃል፤ ትልቁን አፍንጫ ግን ትንሽ አያደርግም። ባመት አካባቢ ይሟሟል፤ እንደገና ክፈል። አደጋው ደግሞ አለ፤ ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳው ሊሞት ይችላል፣ የአፍንጫና የዓይን ደም ሥሮች ስለሚገናኙም ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ያሉት አባቶች ይህን መቼ አይተው? እና ይህን መርፌ የውበት ሳሎን ውስጥ የሚወጋ ካገኘህ ጫማህን አንሥተህ ሩጥ። ሐኪሙ ነገሩ ቢበላሽ ፊለሩን የሚያሟሟውን መድኃኒት አጠገቡ መያዙን ጠይቅ።

እስኪ ስኒህን አምጣ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ይህ ሁሉ አብሮህ ለተወለደ አፍንጫ ነው። የአገሬ ሰው «አፍንጫዬ ተለቀብኝ» ሲለኝ ግን እኔ ስለ ቢላ አላወራም። መጀመሪያ የምጠይቀው «ከመቼ ወዲህ?» ብዬ ነው። ለምን? በኛ ገደላ ገደል ቁንጭር አለና። ታውቀዋለህ፤ አፍንጫ ላይ፣ ጉንጭ ላይ፣ ከንፈር ላይ ትወጣለች፤ አታምም፣ አትበላም፣ ብቻ በወራት ውስጥ እየቀላች እየሰፋች ትሄዳለች። አንዳንዱ ላይ አፍንጫው በሙሉ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ቀዳዳው ይታፈናል። ሰውየው ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ገበያ ይውላል። «ምች ነው»፣ «ዓይን ነው» ይባላል፤ በጋለ ብረት የሚተኩሱም አሉ፣ ቁስል ላይ ቁስል ጨምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገደሉ ዋሻ ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል። ከሽኮኮው ደም ተሕዋሲውን ይዛ ወደ ሰው የምታመጣው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ሲመሽ ነው የምትነክሰው፣ ድምፅ እንኳ የላትም። በሽታው ባብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ይገኛል። ገደል ሥር ቤት የሠራ ሰውና ከብት የሚያግድ ልጅ ይበዛበታል። በኢትዮጵያ በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው እንደሚይዝ ይገመታል። ይህንን አፍንጫ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ቢቀደው ምን ይጠቅማል? ተሕዋሲው እዚያው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ፍቀው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ትንሽ ከሆነ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል ወይም እዚያው ላይ መርፌ ይወጉታል። አፍንጫ ውስጥ ከገባ ወይም ከተስፋፋ ግን በየቀኑ የሚወሰድ መርፌ ወይም ኪኒን አለ፣ እስከ 28 ቀን። ከነፋስ መውጫ ሆስፒታል ይጀምር፤ ከዚያ ካለፈ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማኒያ (ሐኪሞች ቁንጭርን እንዲህ ይሉታል) ማዕከል አለ፤ በወሎ በኩል ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ፣ አዲስ አበባ ደግሞ አለርት። አለርት ሥጋ ደዌ አፍንጫውን የሰበረበትንም ሰው የሚያይ ቤት ነው። በሽታው ጠፍቶ፣ ጠባሳው ረግቶ፣ አሁንም ፊቱ ከተበላሸ ያን ጊዜ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ያሉትን የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪሞች ይጠይቅ። ቢላው መጨረሻ ላይ ነው ተራው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኔ ግን ሰውየው የሚሸሽገው በሃፍረት ብቻ አይመስለኝም። 28 ቀን ከቤት መራቅ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። መሳፈሪያው አለ፣ ማደሪያው አለ፣ ከብቱ አለ። ስለዚህ ስማዳ ያለው የአጎትህ ልጅ አፍንጫው ካበጠ «ሂድና ታከም» ብለህ ብቻ አትለፈው። አዝመራው ከተወቃ በኋላ ጥር ላይ ይቀለዋል፤ ግን ጥር እስኪመጣ አፍንጫው ውስጥ እየገባ ከሆነ ዛሬውኑ ይሂድ። አንተም በሬዎቹን ማን እንደሚያውልለት፣ ጎንደር ማን ዘንድ እንደሚያድር አብረህ አስብለት።