አጥንት ሲቆጠር

እሳት የበላው አጥንት ምስክርነቱም አብሮ የተቃጠለ ይመስላል። የዛሬ መቶ ዓመት የነበሩ ተመራማሪዎችም የሚያስቡት እንዲሁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኮሎኔል ዊሊያም ሀውሊ እንግሊዝ ውስጥ፣ ስቶንሄንጅ በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክብ ዙሪያ ሲቆፍሩ ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተቃጥለው የተቀበሩ ሰዎችን አጥንት አወጡ። ስብርባሪው ለጥናት አይረባም ተባለ። በ1935 የማን የማን እንደሆነ ሳይለይ ባንድ ጉድጓድ ተመልሶ ተቀበረ።

በ2008 አርኪዮሎጂስቶች ያንን ጉድጓድ ከፈቱት። የመጀመሪያው ሥራ ሰዎቹን መቁጠር ነበር። ሰው ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር አለው፤ የራስ ቅሉ የኋላ አጥንት ግን አንድ ብቻ ነው። በዚህ አጥንት 25 ሰዎች ተለይተው ለምርመራ ቀረቡ።

ቀጥሎ ክሪስቶፍ ስኑክና ባልደረቦቹ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ስትሮንሺየም መረመሩ። ይህ ንጥረ ነገር ከአለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እህልና ሣር፣ ከዚያም ወደ ሰው አጥንት ይገባል። የዓይነቶቹ ምጣኔ እንደየአለቱ ስለሚለያይ ሟቹ በመጨረሻዎቹ 10 ያህል ዓመታት የየትኛውን መሬት እህል እንደበላ ይጠቁማል። ያልተቃጠለ አጥንት በዘመን ብዛት ከከበበው አፈር ይስባል፤ ምልክቱም ይደበላለቃል። በኃይለኛ እሳት ነጭ እስኪሆን የተቃጠለው ግን ውስጡ እንደ ክሪስታል ስለሚጠጥር የውጭውን አያስገባም። ያጠፋዋል የተባለው እሳት ማኅተም ሆነለት።

ውጤቱ በ2018 ወጣ። ከ25ቱ 10ሩ የመጨረሻ ዓመታታቸውን በስቶንሄንጅ አካባቢ አልኖሩም። የአንዳንዶቹ ምልክት ከምዕራብ ዌልስ ጋር ይገጥማል። የስቶንሄንጅ ሰማያዊ ድንጋዮች የመጡትም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከዚያው አካባቢ ነው።

ልብ በሉ፤ ያው እሳት ዲኤንኤውን አጥፍቶታል። በአማርኛ አጥንት መቁጠር ማለት ዘር መቁጠር ነው። እነዚህ አጥንቶች ሲቆጠሩ ግን የተገኘው የዘር ሐረግ ሳይሆን እንጀራ የበሉበት መሬት ነው። ማን ከማን እንደሚወለድ አይናገሩም። በሕይወት መጥተው ይሁን አመዳቸው በሰው ትከሻ ተሸክሞ፣ የሩቁ ሰው ከአገሬው ጎን በዚያ በተከበረ ቦታ እንደተቀበረ ግን ይመሰክራሉ።