ቈጣሪው የሚቈጥረው

ገንዘብን በአግባቡ ማውጣት የቤተ ሰብ አስተዳደር መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቍጠባን የሚሻ ሰው፣ የሚቈጥብለትን ነገር ከሚያከስረው ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። በየገበያው «መብራት ቈጣቢ» እየተባለ የሚሸጠው፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አረንጓዴ መብራት የሚያበራው ትንሽ ሣጥን የወር ሒሳብን በእጅጉ ይቀንሳል ይባላል። በውኑ ይቀንሳልን?

በጎረቤታችን እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ይህን መሣሪያ ገዝተው፣ «የኔታ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ» ሲሉ አመጡልን። ከፍተን ብናየው ከትንሽ መብራትና ካፓሲተር ከሚባለው ዕቃ በቀር የረባ ነገር አላገኘንበትም።

ካፓሲተር በራሱ ከንቱ ዕቃ አይደለም። ሞተር በሥራ ላይ ከሚያውለው ኃይል ሌላ፣ በመስመሩ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኃይል ይስባል፤ ካፓሲተርም ይህን ከቅርብ እያቀበለ የመስመሩን ሸክም ያቃልላል። ስለዚህ ለተመላላሹ ኃይል ጭምር ለሚከፍሉ ፋብሪካዎች ይጠቅማል። የመኖሪያ ቤት ቈጣሪ ግን የሚመዘግበው በሥራ ላይ የዋለውን ኃይል፣ ማለት ኪሎ ዋት ሰዓትን ብቻ ነው። ቈጣሪው ያልቈጠረውን መቀነስ ሒሳብን አይቀንስም። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ኃይል የሚወስዱት ምጣድ፣ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ በሞተር ሳይሆን በግለት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ መሣሪያው የሚያርምላቸው ነገር የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ አስረድተዋል።

«ከገዛሁት ወዲህ ሒሳቤ ቀንሷል» የሚሉ አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች ዋሹ አንልም። ነገር ግን የበዓል ወር ሲያልፍ፣ እንግዳ ሲሸኝ፣ መብራትም ደጋግሞ ሲጠፋ ሒሳቡ ያለ መሣሪያም ይቀንሳል። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው፣ በቤቱ የሚሠራውን ዕቃ ሁሉ ሳይለውጥ፣ ሣጥኑን 10 ደቂቃ ሰክቶ፣ 10 ደቂቃ ነቅሎ ቈጣሪውን ይመልከት።

እውነተኛው ቍጠባ ያለው በአጠቃቀማችን ላይ ነው። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 2 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስቈጥራል። ሸክላው በጋለ ቍጥር ኃይል ስለሚጠፋ፣ ጠዋትና ማታ ከፋፍለው ከመጋገር አንድ ጊዜ ጨርሰው እንዲጋግሩ፣ የመጨረሻዎቹንም እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተው በቀረው ግለት እንዲያወጡ ለእኒያ እናት ነገርናቸው። እንዲሁም 60 ዋት የሚወስድ የድሮ አምፖል በየቀኑ 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 9 ዋት የሚወስደው ኤልኢዲ አምፖል ግን ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል አያልፍም። በአገራችን ፍጆታ በጨመረ ቍጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ ይህ ለቤተ ሰብ ቀላል ጥቅም አይደለም።

እንግዲህ ለሣጥኑ የታሰበው ገንዘብ ለአምፖል ይዋል። ሠርቶ አዳሪ በላቡ ያገኘውን ብር የሚያወጣው ቈጣሪው ለሚያውቀው ነገር ሊሆን ይገባል።