ጎመኑ ላይ የተነሰነሰው ጨው

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ታዲያ ስለ ጽሕፈት ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ደጋግሜ ተብያለሁ፦ «መጻፍ ማስተማር የእንግሊዝኛና የአማርኛ መምህራን ሥራ ነው፤ አንተ ሴልህን አስተምር።» የምጽፈው ለእነዚህ ወዳጆቼ ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጭቅጭቁ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1975 የቡሎክ ሪፖርት በተባለው ሰነድ የቋንቋ ነገር የሁሉም መምህር ጉዳይ መሆኑን ጽፈው ጨርሰዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊቷ ጃኔት ኤሚግ መጻፍ የተማሩትን ማስረከቢያ ብቻ ሳይሆን ራሱ መማሪያ ነው ብለው ተከራከሩ። ሐሳቡ እየሰፋ ሄደና ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ የሚገኘው ነገር አያልቅም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቆመው ዋክ ክሊሪንግሃውስ የተባለ ድረ ገጽ መጻሕፍቱን በሙሉ በነጻ ያስነብባል፤ በፒዲኤፍ አውርዶ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1974 በርክሌይ ላይ የተጀመረው ናሽናል ራይቲንግ ፕሮጀክት ደግሞ መምህር ከመምህር እንዲማር ሲጥር ኖሯል።

አብዛኛው ሰው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ኦውል ወደተባለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት መመሪያ ድረ ገጽ ነው። ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ኮማ የት እንደሚገባ፣ አንቀጽ እንዴት እንደሚጀመር ሁሉም እዚያ አለ። የመመረቂያ ጥናት ለሚጽፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወርቅ ነው። ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን አይሆንም፤ የሚጽፈው ሐሳብ ለሌለው ልጅ የኮማ ሕግ ምን ያደርግለታል? ሩብሪክ የሚባሉት የማረሚያ ሠንጠረዦችም እንደዚያው ናቸው። ለሃያ ተማሪ ታስበው የተሠሩ ስድስት ዓምድ ያላቸው ሠንጠረዦች ስልሳ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሲገቡ መምህሩን ቅዳሜና እሑድ ማሳጣት ነው ትርፋቸው።

እኔ ከዚያ ሁሉ ክምር ያወጣሁት አንድ ነገር ነው፤ የማይታረም አጭር ጽሑፍ። ክሊሪንግሃውስ ለመምህራን ባዘጋጀው መግቢያ ላይ ለመማር የሚጻፈውንና ለአንባቢ የሚጻፈውን ለይቶ ያስቀምጣል። ለአንባቢ የሚጻፈው ይታረማል፣ ይስተካከላል፣ ማርክ ይሰጠዋል። ለመማር የሚጻፈው ግን አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሰዋስውም ፊደልም አይታይበትም፣ ማርክም የለውም። መምህሩ የሚያየው ልጁ ነገሩን እንዴት እንደተረዳው ብቻ ነው።

እስቲ ከክፍሌ ላሳያችሁ። ኦስሞሲስን አስተማርኩ፤ ኖቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ገለበጡ። ትርጉሙን ጠየቅኩ፤ ግማሹ ክፍል አንድ ቃል ሳይስት በእንግሊዝኛ አነበነበልኝ። ደስ ይላል። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት አውጡ አልኳቸውና እንዲህ አልኩ፦ «እናታችሁ ጥቅል ጎመን ከትፋ ጨው ነሰነሰችበት። ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ውሃ ቋጠረ። ውሃው ከየት መጣ? ለምን? ለታናሽ እህታችሁ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ።»

አንዱ «ጨው ውሃ ስለሚወድ ይጠራዋል» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ጨው ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል»። አንድ ጎበዝ ተብሎ የሚታወቅ ልጅ የኦስሞሲስን ትርጉም እንዳለ ገለበጠና ጎመኑን ጨርሶ ረሳው። ጥቂቶች ብቻ ከጎመኑ ሴል ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ወደበዛበት ወደ ውጭ በስሱ ሽፋን አልፎ እንደሚወጣ በራሳቸው አነጋገር አስቀመጡት። ከእነዚህ አንዷ በቃል ፈተና ትንፍሽ የማትል፣ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ናት። የጻፈችው በአማርኛ ነበር።

ምርጫ ጥያቄ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ጨው ይቀልጣልና ውሃ ይሆናል የምትለዋ ልጅ «ሐ»ን አጥቁራ ታልፍ ነበር፤ እኔም እንደገባት ቆጥሬ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ እሄዳለሁ።

ወረቀቶቹን ሁሉ አላነበብኳቸውም። ለማንበብም አላሰብኩም። እፍኝ የሚሆኑትን ከየረድፉ አነሣሁ፣ በማግስቱ ስም ሳልጠራ ሦስቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «የትኛው ነው የተሳሳተው? ለምን?» አልኩ። ክፍሉ እንደዚያ ሲከራከር አይቼ አላውቅም። ብዙ ባልደረቦቼ እንቅፋት የሚሆንባቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተማሪ የጻፈው ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ካልታረመ ሥራ ያልተሠራ ይመስለናል። ስልሳ ደብተር ማረም ስለማይቻል ደግሞ እስከነአካቴው አናጽፋቸውም።

እንዲህ ያለ የማይታረም ጽሑፍ ለማጻፍ ከወጡት ዘዴዎች ሁሉ ቀላሉ የአንድ ደቂቃ ወረቀት የሚባለው ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ሁለት ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፦ ዛሬ የተማራችሁት ዋናው ነገር ምንድን ነው? ያልገባችሁስ? ዘዴው እንዲስፋፋ ያደረጉት ቶማስ አንጀሎና ፓትሪሻ ክሮስ በመጽሐፋቸው ነው። መነሻው ግን በርክሌይ ያስተምር የነበረ የፊዚክስ ፕሮፌሰር መሆኑ ይነገራል። ልብ በሉ፤ የፊዚክስ ነው፣ የቋንቋ አይደለም።

ለሒሳብ ያገኘሁትን ለአንዱ ወዳጄ ሰጥቼው ተጠቅሞበታል። ሰሌዳው ላይ (ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² ብሎ ይጽፋል። «ይህን የሠራው ጓደኛችሁ ነው። የት እንደሳተ በቁጥር ሳይሆን በጽሑፍ አስረዱት።» ልጆቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ሒሳብ ላይ ድርሰት ምን አመጣው እያሉ። ከዚያ አንዱ ሀን 3፣ ለን 4 አድርጎ 49 እና 25 እንደማይገናኙ ያያል፤ ለምን እንደማይገናኙ በቃላት ሲያስረዳ ነው ነገሩ የሚያያዝለት። ታሪክ ላይ ደግሞ «የዓድዋን ድል ምክንያቶች ዘርዝር» የምትለውን ጥያቄ ጣሏት፤ ዝርዝሩ ደብተር ላይ አለ። «ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ቢጎድል ድሉ ይቀር ነበር የምትለው የትኛውን ነው? ማስረጃህስ?» በሉ። ሪዲንግ ላይክ ኤ ሂስቶሪያን የሚባለው በነጻ የሚገኝ የታሪክ ትምህርቶች ስብስብ ከዚህ መንፈስ ጋር ይሄዳል። ይዘቱ የሚያመዝነው ወደ አሜሪካ ታሪክ ነው፤ አካሄዱን ግን መውሰድ ይቻላል።

ተማሪዎች የጓደኛቸውን ጽሑፍ እንዲተቹ የሚያደርገው ዘዴ በእኔ ክፍል አልሠራም፤ ሁሉም «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብለው መለሱ። ጥያቄውን «ሁለቴ ያነበብከው ዓረፍተ ነገር የቱ ነው?» ወደሚል ስቀይረው ትንሽ ተሻሻለ። ትንሽ ነው ያልኩት።

አሁን «ፈተናው እኮ ምርጫ ነው፣ ጊዜ የለንም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ግን በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አትርሱ። ለዚያ ውጤት ብዙ ምክንያት አለ፤ ተማሪ ስላልጻፈ ነው አልልም። ግን ምርጫ ብቻ እያለማመድን የደረስንበትን አይተናል፤ አምስት ደቂቃ ጽሕፈት ከዚህ በላይ ምን ታጎድልብናለች? ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን የላብራቶሪ ሪፖርት ጻፍ ሲባል ወይ ከቀድሞ ተማሪ ይገለብጣል፣ ወይ ዘንድሮ ቻትጂፒቲን ያጽፋል። አልፈርድበትም፤ ማን አስተማረው?

አንድ ነገር ግን ከእነዚያ ድረ ገጾች አላገኘሁም። አብዛኞቹ ተማሪው የሚማርበትን ቋንቋ ከቤቱ ይዞ እንደመጣ አድርገው ነው የሚነሡት። የእኛ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና ድንገት በእንግሊዝኛ አስብ ይባላል። በእንግሊዝኛ ጻፍ ስትሉት የሚጽፈው የሚያስበውን ሳይሆን የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ የእኔ ቁራጭ ወረቀት በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፋል፤ እንግሊዝኛው በማግስቱ፣ ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ ይመጣል። ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ምን እንደሚለኝ አላውቅም።

እንደ ጎመኑ ያሉ፣ ከቤትና ከሰፈር የተነሡ ጥያቄዎችን በየትምህርት ዓይነቱ ማጠራቀም ጀምሬአለሁ። የባዮሎጂው ጥሩ ሄዷል። ሒሳብ ላይ ጥቂት አሉ። ፊዚክስ ባዶ ነው፣ ኬሚስትሪ ላይ ያለኝ የጠላ ጥንስስ ብቻ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ሞክራችሁ የሠራ ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ያልሠራውንም ጭምር፣ ተማሪው ምን ብሎ እንደመለሰ ከጻፋችሁልኝ።