«የአመለካከት ችግር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን አዲስ አሠራር በመጣ ቁጥር ከስብሰባ የማይጠፋ አንድ ሐረግ አለ፦ «የአመለካከት ችግር»። ሠራተኛው ካጉረመረመ አመለካከቱ ነው፤ ዝም ካለም አመለካከቱ ነው። እኔ ግን ሠራተኛ ለውጥ ሲቀርብለት የሚያቅማማው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ እየሠራ ነው ባይ ነኝ። ሒሳቡም ሦስት ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ይሰነብታል ወይ? ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ከቀድሞ ሥራዬስ ምን ይቀነስልኛል?

ሰቆጣን እንይ። ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት መንግሥት ሐምሌ 2007 የገባው ቃል የሚጠራው በዚህች የዋግ ኽምራ ከተማ ስም ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩና ድርቅ የሚመላለስበት አገር ለቃሉ ስም መስጠቱ አይገርምም። ነገር ግን የሰቆጣ ቃል ኪዳን የማዕድ ጉዳይ የሆነውን ያህል የቢሮም ጉዳይ ነው። ጤና፣ ግብርና፣ ውሃና ትምህርት በአንድ ዕቅድ ለአንድ ሕጻን ቁመት ተጠያቂ ይሁኑ ይላል። ምርትን በኩንታል ሲቆጥር የኖረ የግብርና ባለሙያ፣ እንቁላሉ ገበያ ወጣ ወይስ ልጁ በላው ብሎ እንዲጠይቅ ይፈለጋል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የራሱ መሥሪያ ቤት የሚመዝነው አሁንም በኩንታል ከሆነ፣ አዲሱን ሥራ «የጤናዎች ጉዳይ» ቢለው ምኑ ይደንቃል? የሚመዘንበትን አስቀደመ እንጂ ልጁን አልጠላም።

በዚህ ላይ ትዝታ አለ። በየመሥሪያ ቤቱ የአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘንና የለውጥ ሠራዊትም ተራቸውን ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ከሥልጠናና ከቅጽ ጋር ነበር የገባው፤ ሲወጣ ግን «ይህ ቀርቷል» ብሎ የተናገረ ብዙም የለም፤ እየተረሳ ነው የሄደው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ውሰዱ። መርሐ ግብሩ በ1995 ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ከዚያ የቤተሰብ ማኅደር ተጨመረ፣ የጤና መድኅን ቅስቀሳም ተጨመረ። ዋግን በመሰለ ገደላማ አገር ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው እግሯ ነው። እሷ አዲስ መዝገብ ሲሰጣት ብታመነታ፣ የምታመነታው ለውጥ ፈርታ ሳይሆን ቀኑ ስለማይበቃት ነው።

«ጥቅሙ ስለሚነካበት ብቻ የሚያደናቅፍስ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በብዙ ፊርማ ያልፍ የነበረ ጉዳይ በአንድ መስኮት ሲያልቅ የሚከስር ሰው አይጠፋም። ይህን ሰው ለመለየት ግን ዘዴ አለ፦ ሸክሙን ቀንሱለትና እዩት። ሸክም ሲቀልለት የሚሠራውና ሲቀልለትም የሚያደናቅፈው ያኔ ይለያያሉ። ሁሉንም አስቀድሞ በአንድ ስም መጥራት ግን እውነተኛውን አደናቃፊ በብዙኃኑ መካከል መሸሸግ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሙግት ሌላ ነው፦ ልጁ አይጠብቅም። የሕይወቱ የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ካለፉ አይመለሱም፤ ታዲያ የሠራተኛው ልብ እስኪረጋ እንቆይ ወይ? አንቆይም። ግን ቃል ኪዳኑ ራሱ በአንድ ጊዜ አገር ላይ አልተዘረጋም፤ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች በሙከራ ጀምሮ ነው ወደ ሌሎች የተሻገረው። ዝናብ የከዳው ገበሬም አዲስ ዘር ሲሰጠው መጀመሪያ በማሳው ጥግ ይዘራዋል፤ ማንም ግን የአመለካከት ችግር አለበት አይለውም። በጥድፊያ የተጫነ ለውጥ የሚያፋጥነው ሪፖርቱን ነው። ቅጹ ይሞላል፤ ልጁ ያው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጨመረው ሥራ ሲነበብ የሚቀረውም አብሮ ይነበብ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ ሠራተኛውም የሚያምነው ከጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ መዝገብ የተነሣለት ቀን ነው።