መጻሕፍቱን ቆጥረን እትዬን ረሳን

ጥፋታችንን አስቀድመን እንናዘዝ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በዓመቱ ስለ አንዲት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዜና ሠርተን ነበር። የተለመደው ዓይነት ነው፤ መጻሕፍት ተለገሱ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ስንት ካርቶን እንደመጣ ጽፈናል፣ የለጋሾቹንም ስም አንድ ሳናስቀር ደርድረናል። ያን ሁሉ ካርቶን ከፍተው፣ አቧራውን አራግፈው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡትን እትዬን ግን «እንደምን ዋሉ?» እንኳ አላልናቸውም። (አዎ፣ «እኛ» ስንል አንዲት ሴት ነን። የጋዜጠኝነት ትምህርት ያስለመደን ነውና እለፉን።)

በአባታችን የወልቂጤ፣ በእናታችን የቡታጅራ ነን። ወደ አንዷ በጅማ መንገድ፣ ወደ ሌላዋ በሆሳዕና መንገድ ይኬዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዞኑ ተከፍሎ ወልቂጤ የጉራጌ፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። እትዬ የሚሠሩት ከሁለቱ በአንዷ ነው። በየትኛዋ እንደሆነ አንናገርም፤ ኋላ መዘዝ እንዳናመጣባቸው።

አምና ለመስቀል ወርደን፣ ክትፎው ካለቀና ቢሮ ከተከፈተ በኋላ፣ እግራችን ወደዚያች ቤት መራን። «የሽነጋ መንደር»ን ፍለጋ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራግኛ የጻፉት፣ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የለም። እትዬ ግን ባዶ እጃችንን አልሸኙንም፤ የዚሁ ደራሲ «ዘ አፈርሳታ» ከነበረበት ወጥቶ ቀረበልን።

ከመጻሕፍቱ ጋር ከውጭ የመጣውንም ዝርዝር አሳዩን። ደራሲው «ሥላሴ፣ ሣህለ» ተብለዋል። ያው ፈረንጅ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደርገው የለ? እትዬ ዝርዝሩን ወደ ጎን ብለው ሐዲስ ዓለማየሁን «ሐ» ላይ፣ በዓሉ ግርማን «በ» ላይ፣ ሣህለ ሥላሴንም ስማቸውን ሳይቆርጡ «ሣ» ላይ አስቀምጠዋል።

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። የደራሲውን አባት ጠርቶ መጽሐፍ የሚዋስ ሰው አይቼ አላውቅማ!» ሳቁ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልክ ነኝ ግን፣ ልጄ? ሌላ ቦታስ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

አላወቅንም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሙያ ላይ የቆየ ሰው፣ የሙያ ባልደረባ የሚሉትን ፍጡር በዓይኑ አይቶ ባለማወቁ እኛን ነው የጠየቀው።

እትዬ ወደዚህ የመጡት ከሌላ ቢሮ ነው። ታይፒስት ነበሩ፤ ኮምፒውተር ሲገባ የሚያደርጉበት ጠፋና ቤተ መጻሕፍት ተመደቡ። «ተጣለች ነው ያሉት» ብለውናል ራሳቸው። አንድ ጊዜ የሥልጠና ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ሥልጠና አበል አለው፤ አበል ደግሞ ባለቤት አያጣም። ሌላ ሰው ሄዶ ተመለሰ። «ቦርሳውን ግን ሰጡኝ» አሉን። እውነትም የሥልጠናው ጽሑፍ ያለበት ቦርሳ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሽንኩርት ይገዙበታል።

ጥግ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል። ኮሃ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ፣ እስከ ዛሬም በነጻ የሚገኝ። ዋጋው ዜሮ ብር ነው። የሚያሳያቸው ሰው ነው የታጣው።

እንዲያው ለነገሩ፣ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት መግለጫ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ተከታታይ ሥልጠና የግድ ነው ብለው ነበር። በ2022 አድሰውታልም። እኛ ግን ሕንፃውንና መጽሐፉን እንወዳለን። አብርኾት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ሲከፈት ያልጻፈ ማን አለ? እኛም ጽፈናል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስንም እንውሰድ። ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ያስዞሩ፣ በ2008 ሲኤንኤን ጀግና ያላቸው ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አህያዋን ነው። ሰውየው ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ባለሙያ እንደነበሩ፣ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ መታጣቱን ያዩትም እዚያው ሥራቸው ላይ ሆነው እንደሆነ ስንቶቻችን እናነሳለን?

አባቶቻችን በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመዋል። ዛሬም መዋጮ ሲባል አንታማም፤ መጽሐፉ በካርቶን ይመጣል። ከምረቃው ድግስ ላይ ትንሽ ተቀንሶ እትዬን አዲስ አበባ፣ ወመዘክር፣ አንድ ሳምንት ቢያውላቸው ምን ነበረበት? አጠገባቸው ያለችዋ ከተማስ? የትራንስፖርት ዋጋ ብቻ እኮ ነው!

አዲስ አበባ እንደተመለስን ጥያቄያቸውን ይዘን አጣራን። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚመዘገበው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ደወልን።

«እትዬ፣ ልክ ነዎት። ዋሽንግተንም እንደ እርስዎ ነው የሚያደርጉት።»

ለአፍታ ዝም አሉ። «ዋሽንግተንስ ይሁን» አሉን በመጨረሻ። «ያቺ እዚያኛው ከተማ ያለችውስ? እሷ እንዴት ነው የምታደርገው?»

ስልኳን አፈላልገን ባለፈው ማክሰኞ ልከንላቸዋል። ይደዋወሉ አይደዋወሉ ገና አልሰማንም።